ጋሽ ወርቅነህን ወደ ውስኪው ተራራ የወሰድኩበት ቀን

ከሥራ ያሰናበተኝ አለቃዬ ሳይሆን አፍንጫዬ ነው። በወረርሽኙ ሁለተኛ ዓመት እኔም በተራዬ ታምሜ ስነሳ ሳሉ ለቀቀኝ፣ ጉልበቴም ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ማሽተት ግን ጥሎኝ ሄደ። ሳሙና አይሸተኝም፣ ያረረ ሽንኩርት አይሸተኝም፣ ቤንዚን አይሸተኝም። ለሌላ ሹፌር ይህ ኢምንት ነገር ነው። እኔ ግን ከጆሃንስበርግ ወደ ማጋሊስበርግ ተራሮች እየነዳሁ፣ በየሸለቆው ያሉትን የውስኪ መጥመቂያዎች የማስጎበኝ ሰው ነበርኩ። ያውም በሕይወቴ አንዲት ጠብታ ውስኪ ቀምሼ አላውቅም። የሆሳዕና ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት በጸሎት ቤት ነው፣ መጠጥን የማውቀው በአፍንጫዬ ብቻ ነበር። እሱ ሲከዳኝ ሥራውም አበቃ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች «ማርቆስ፣ ጌታ ራሱ ከዚያ ቦታ አወጣህ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል!

እዚህ አገር ስመጣ የጀመርኩት እንደ ብዙዎቹ የአካባቢዬ ልጆች በስፓዛ፣ በድሃ ሰፈር የጉሊት ሱቅ ነው። ዲፕስሉት ውስጥ ከቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦ፣ ስኳርና የስልክ ካርድ ሸጥኩ። ሁለት ጊዜ ተዘረፍኩ። በሁለተኛው፣ ሽጉጥ ግንባሬ ላይ የደቀነብኝ ጎረምሳ በየጠዋቱ «ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ!» እያለ ዳቦ የሚገዛኝ ደንበኛዬ ነበር። እሱም አፈረ መሰለኝ፣ ገንዘቡን ሲወስድ ፊቴን አላየም። ከዚያ በኋላ ሱቁን ለሌላ ሰው ትቼ ሂልብሮው ወረድኩና ከአገሬ ልጆች ጋር ክፍል ተጋራሁ። ፎቁ ላይ ከእኛ በላይ የሚኖር ሰው ነበር፤ አዲስ አበቤ፣ ኦርቶዶክስ፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ። ጋሽ ወርቅነህ ነው። መንጃ ፈቃድ እንዳለኝ ሲሰማ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቆመኝና «ትጠጣለህ?» አለኝ። አልጠጣም አልኩት። «እንግዲያው ነገ ጠዋት ተላጭተህ ና» አለኝ። ሥራ የገባሁት በዚህች ቃለ መጠይቅ ነው።

እሱ የሚነዳለት የጉብኝት ድርጅት ባለቤት ቁጡ ሴት ነበረች፤ ስለ ነዳጅ ካልሆነ በቀር አታናግረንም። ደመወዙ የሚያኮራ አልነበረም፣ ጉርሻው ይደጉመን ነበር። የእኔም የጋሽ ወርቅነህም የመኖሪያ ወረቀት በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ነው፣ ከአገር ወጥቶ ለመመለስ አይሆንም። ስለዚህ ዓለምን የሚዞሩ ሰዎችን ከተራራ ተራራ እያንሸራሸርን እኛ ከዚያች አገር መውጣት የማንችል ሰዎች ነበርን። ይህን ስናስብ አንዳንዴ እንስቃለን።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ወርቅነህ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮምቢውን፣ እንግዶቹን የምናመላልስበትን ሚኒባስ፣ የሚዞረው በሬ እንደሚገዛ ሰው ነው፤ ጎማውን በመዳፉ መታ መታ፣ መብራቱን ዳበስ ዳበስ። እንግዶቹ ከገቡ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሳ ፊቱን ወደ እነሱ ያዞርና መጥፎ መጥፎውን አስቀድሞ ይነግራቸዋል። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ሩቅ ነው። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም። ከዚያ መጠየቅ ይጀምራል፦ የልብ ሕመም ያለበት? ቁርስ ያልበላ? መጠጥ ያቆመ? አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። እኔ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእሱ ፋንታ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። «ጋሼ፣ እንግዳ እንዲህ ፊት ለፊት ይጠየቃል እንዴ?» ስለው «ያልጠየቅኩት ሰው ነው ሁልጊዜ ተራራ ላይ የሚወድቅብኝ» አለኝ። የእኛን ሰው ግን እሱም እንዲህ አይጠይቅም። ከአገር ሰው ጋር ሲሆን እንደ ማንኛችንም ዙሪያውን ይሄዳል፣ ይግደረደራል፣ ነገሩን በነገር ይሸፍናል።

ብርጭቆ መያዝ ያስተማረኝም እሱ ነው። አፍንጫህን ውስጡ አትክተት፣ አልኮሉ ያደነዝዝሃል። አገጭህ አጠገብ አድርገው፣ አፍህን ገርበብ አድርገህ ቀስ ብለህ ሳብ። ሽታው ሲምታታብህ የገዛ ክንድህን አሽት፣ አፍንጫህ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለእንግዳ ሁልጊዜ ከቀላሉ ጀምር፣ ጭስ ጭስ የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርግ፤ ጭሱ ከቀደመ ሌላው ሁሉ ውኃ ይሆንበታል። ስለ አወጣጡ ሲያስረዳኝ በአረቄ ነበር የሚያስረዳኝ፤ መጀመሪያ የሚወርደው ይደፋል፣ የመሃሉ ይያዛል፣ መጨረሻ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲሸት ይቆማል። በርሜል ውስጥ ተቀምጦ በየዓመቱ እየተነነ የሚጠፋውን ደግሞ የመላእክት ድርሻ ይሉታል። እኔም ለእንግዶቹ «የኛ ቤተ ክርስቲያን መላእክት ግን አይጠጡም» እላለሁ፤ ይህች ቀልድ አንድም ቀን ሳታስቅ ቀርታ አታውቅም።

በመመለሻው ግን ቀልድ የለም። ቁልቁለቱ ላይ ጋሽ ወርቅነህ ፍሬን የሚይዘው ከመታጠፊያው በፊት ነው፣ መታጠፊያው ውስጥ ፍሬን የያዘ ሹፌር ከኋላው ያሉትን ጨጓራዎች ሁሉ አነቃቸው ማለት ነው። በመስታወት የሚከታተለው ደግሞ የሚጮኸውን ሳይሆን ድንገት ዝም ያለውን ሰው ነው። አንድ ጊዜ በእሱ ምክር ዝም ያለ ጀርመናዊ አይቼ መኪናውን አቆምኩ። ሰውዬው የስኳር ሕመምተኛ ኖሮ ላብ በላብ ሆኗል። ብስኩትና ጭማቂ ሰጥተን አተረፍነው። ያን ቀን ጋሽ ወርቅነህ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አሁን ሹፌር ሆንክ» አለኝ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና አግኝቼ አላውቅም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፣ መጠጥ መሸጥም ተከለከለ። እኛ ቱሪስትን ወደ መጠጥ የምናደርስ ሰዎች ነን፤ ሁለቱም በር በአንድ ሳምንት ተዘጋብን። ጋሽ ወርቅነህ ደም ብዛት ስለነበረበት ከክፍሉ እንዳይወጣ ለመንነው። አሳንሰሩ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ምግቡን እኔ ደረጃውን እየወጣሁ በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ እሱም ከውስጥ ሆኖ ያመሰግነኛል። መብራቱ በየተራ ይጠፋል፣ ስልኩ ብዙ ጊዜ ባትሪ የለውም። ሲኖረው የሚደውለው ለአንድ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቱ፣ ለእታበባ።

እታበባ እናት አባታቸው ሲሞቱ ጠቅልላ ያሳደገችው እህቱ ናት። እጁን ይዛ ትምህርት ቤት ያስገባችው እሷ፣ የመጀመሪያ ጫማ የገዛችለት እሷ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘችው እሷ። ከዚያ ሽኝት በኋላ ተያይተው አያውቁም፣ ወረቀቱ አላስወጣውም። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ ይደውልላታል፤ ትመክረዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ሽሮው እንዴት እንደሚሠራ ገና እንደ ልጅ ታስተምረዋለች። እሷን የሚያገኛት በድምፅ ብቻ ነው፣ እሷም እሱን እንዲሁ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ነው የሠራነው ነገር አንጀቴን የሚበላኝ።

ክልከላው ላላ ባለበት ሰሞን፣ አንድ ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ነው። የእታበባ ልጅ ብሩክ ነው። ጋሽ ወርቅነህ አንድ ጊዜ በእኔ ስልክ ደውሎለት ስለነበር ቁጥሬ አለው። ልጁ ያለቅሳል።

«ጋሽ ማርቆስ፣ ጋሼ ስልኩ ዝግ ነው። እማዬ… እማዬ ታማለች። በጣም ታማለች።» አለ።

«አይዞህ የኔ ልጅ፣ አይዞህ» አልኩት። «በቃ፣ ገብቶኛል። ለእኛ ተወው።»

አገራችን ውስጥ ያደገ ሰው ምን እንደገባኝ ያውቃል። ለባለ ቤቱ ሳይሆን ለጎረቤት የተደወለ ስልክ፣ የሚያለቅስ ልጅ። እንዲህ ያለ ሰው አይጠየቅም፤ መጠየቅ ቃሉን ከአፉ አስገድዶ ማውጣት ነው፣ ነውር ነው። መስመሩ ተቆረጠ፣ እኔም መልሼ አልደወልኩም። በቀጥታ የደወልኩት ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ ለማ ነው። እሳቸውም አልጠየቁኝም። «ነፍስ ይማር» አሉ፣ ከዚያ እንደ ደንቡ ማሰብ ጀመሩ።

ያን ሰዓት እታበባ በሕይወት ነበረች። ብሩክ የደወለልን ወንድሟን ፈልገን እንድናገናኝላት ነበር። ይህን ያወቅነው በማግስቱ ነው።

አቶ ለማ እንዲህ አሉኝ፦ «ሰውየው ደም ብዛት አለበት፣ ብቻውን ነው፣ በስልክ ከሰማ እናጣዋለን። መርዶው ነገ ሲነጋ ይነገረዋል። ሰው ማብዛት ስለማይቻል የተመረጥን አራት አምስት ሰዎች እንመጣለን። አንተ ዛሬ ከዚህ ዞር አድርገው። ስልኩንም እንደምንም ተቀበለው።»

ዞር የማደርግበት ቦታ ለማግኘት ብዙ አላሰብኩም። ድርጅቱ ሥራ ሊጀምር ስለሆነ የኮምቢው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ደረጃውን ወጥቼ አንኳኳሁ። «ጋሼ፣ እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት መንገዱን እንየው እንዴ?» አልኩት። በሩን ሲከፍት ፊቱ ሲበራ አየሁ። ወራት ሙሉ ተዘግቶበት የከረመ ሰው ነው። ተላጭቶ፣ የሥራ ኮቱን ለብሶ፣ ማስኩን አጥልቆ ወረደ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነካ።

«ስልኬ ሞቷል፣ መኪናው ላይ እንሰካው» አለኝ። ተቀበልኩት። ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት እንጂ አልሰካሁትም።

የሀርትቢስፖርትን ግድብ አልፈን ተራራው ሲጀምር መስኮቱን ከፈተ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ገደሉ ላይ ያለው ቀይ ድንጋይ ታጥቦ ያበራል። እሱ ያወራል። የት ቦታ ጉድጓድ እንደተፈጠረ፣ የትኛው አጥር እንደታደሰ፣ እንግዶቹን ማስክ እንደለበሱ እንዴት እንደምናስሸትታቸው። እኔ በየመሃሉ «እህ» እላለሁ። ከሸለቆው በፊት ሹፌሮች ሁሉ ቆመው የሚደውሉበት ከፍታ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ኔትወርክ የለም። እዚያ ስንደርስ እጁን ዘረጋ።

«እስቲ አቁም፣ እታበባን ልደውልላት። ባለፈው ጉንፋን ብጤ ይዞኛል ስትለኝ ነበር።»

«ገና አልሞላም ጋሼ» አልኩት።

«በአንተ ልደውላ።»

«ካርድ የለኝም። ስንመለስ ትደውላለህ።»

አለፍኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ መታጠፊያ በመጥፎ ይዤ አውቃለሁ፣ እንደዚያች ከፍታ ግን የሚቆጨኝ የለም። እጄ ላይ ስልክ ነበረ፣ ካርድም ነበረው፣ በዚያኛው ጫፍ ደግሞ እህቱ ዓይኗን ስልኩ ላይ አድርጋ ትጠብቅ ነበር።

ሁለቱ መጥመቂያዎች ዘበኛ ብቻ ነበራቸው፤ በአጥር ሰላም ብለን አለፍን። ሦስተኛው የኦም ሄንድሪክ ነው፤ ኦም ማለት በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው። ሽማግሌው ገበሬ እኛን ሲያይ ከመጋዘኑ እየሮጠ ወጣ፣ ለማቀፍ ፈልጎ መሃል ላይ ቆመና ክርኑን ሰጠን።

«ወርቅነህ! በሕይወት አለህ?» አለው።

«ጠጪ ሲጠፋ መሸጫህን ልረከብ ነው የመጣሁት» አለው ጋሽ ወርቅነህ።

በርሜሎቹ መካከል ተቀመጥን። ኦም ሄንድሪክ በክልከላው ወራት ማንም ስላልገዛው ውስኪው ሳይነካ ዕድሜ እንደጨመረ ነገረን። «ወረርሽኙ የጠቀመው እሱን ብቻ ነው» አለ። ከአንዱ በርሜል ቀድቶ ለጋሽ ወርቅነህ ሰጠው፣ ለእኔም የማሽተቻዬን። ጋሽ ወርቅነህ ማስኩን ወደ አገጩ አወረደ፣ ብርጭቆውን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ማር» አለ። ቆይቶ፣ «የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ» አለ። ከዚያ ኦም ሄንድሪክ ስለ ፍየሎቹ አንድ ነገር ተናገረና ጋሽ ወርቅነህ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እንዲያ ሲስቅ ከዓመታት ወዲህ አላየሁትም ነበር። ደስ ይበለው፣ ዛሬን እንኳ ይሳቅ ብዬ አሰብኩ። የምሠራው ትልቅ ደግነት መሰለኝ።

ስንመለስ ከፍታው ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ነዘረ፤ ብሩክ ያልተነሱ ጥሪዎች ደርድሮ ኖሯል። ስለ ቀብሩ ሰዓት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ጋሽ ወርቅነህ ጎኔ ተኝቶ ነበር። ሂልብሮው ስንደርስ «የመኪናው ገመድ አልሠራም፣ ስልክህን መብራት ያለበት ቤት አስሞልቼ ጠዋት አመጣልሃለሁ» አልኩት። «ተባረክ፣ ዛሬ ሰው አደረግከኝ» ብሎኝ ደረጃውን ወጣ።

ሲነጋጋ ከአቶ ለማና ከእድሩ ሰዎች ጋር ሆነን አንኳኳን። በሩን ከፍቶ ያን ሁሉ ነጠላና ማስክ ሲያይ መናገር አላስፈለገንም። «ማን?» አለ ብቻ። አቶ ለማ «እታበባ አርፋለች» አሉት። ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተንሸራተተ። ያለቀሰው አለቃቀስ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደግፈን አልጋው ላይ አስቀመጥነው፣ ውኃ አጠጣነው፣ መድኃኒቱን ሰጠነው። ረጋ ሲል ስልኩን መለስኩለትና ብሩክ ጋ ደወለ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ! እንዴት ሰማህ? ለማንም ገና አልነገርንም» አለ ልጁ።

«ትናንት ጠዋት ለማርቆስ ነግረኸው የለ?» አሉ አቶ ለማ።

«ትናንት ጠዋትማ ነበረች! ከሰዓት በኋላ እኮ ነው ያረፈችው። ጋሼን አገናኙኝ ለማለት ነው የደወልኩት። ቀኑን ሙሉ ስደውል ነበር።»

አቶ ለማ ወደ እኔ ዞሩ፣ ከዚያ ራሳቸው አንገታቸውን ደፉ። እኔ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

«ምን አለች?» አለ ጋሽ ወርቅነህ።

ብሩክ ስለ ቀብሩ መናገር ጀመረ።

«የጠየቅኩህን ንገረኝ። ምን አለች?»

«ድምፁን ብቻ ልስማ አለች። ስልኩ ዝግ ነው ስንላት… ተቀይሞኝ ይሆን እንዴ? አለች።»

ጋሽ ወርቅነህ ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወደ እኔ አየ፤ ቁጣ አልነበረውም፣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

«ከሰዓት በኋላ የት ነበርን?»

«ኦም ሄንድሪክ ቤት።»

«ስቄ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ ጋሼ።»

ሰዎቹ ሲወጡ እኔ ቀረሁ፣ እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «ክፉ አስበህ አይደለም» አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ ልዩነቱን እኔም አውቀዋለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ሲከፈት፣ መመለስ እንደማይችል እያወቀ ወረቀቱን ጥሎ አገሩ ገባ። የሚኖረው እታበባ ቤት ነው። አንዳንዴ እደውልለታለሁ፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያ ቻው እንባባላለን። ጉብኝቱን ያለ እሱ ጥቂት ጊዜ ሠራሁት። ኦም ሄንድሪክ ባየኝ ቁጥር «ወርቅነህስ?» ይለኝ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሕመሙ አፍንጫዬን ወሰደና ያንንም ተገላገልኩ።

አሁን ክሊፕታውን ውስጥ የአገሬ ልጅ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ዕቃ መቁጠር አግዛለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚያው ተቀምጬ ሳለ ከሆሳዕና ተደወለ። የወንድሜ ሚስት አበራሽ ናት። እያለቀሰች ናት።

«ማርቆስ፣ ደህና ነህ? ወንድምህን ትንሽ አመም አድርጎት…»

ሱቁ ውስጥ ያሉት ልጆች ነገሩ ገብቷቸው ሥራቸውን አቆሙ፣ አንዱ ወንበር ሊያቀብለኝ ተነሳ።

«አበራሽ» አልኩ፣ «ወንድሜ ሞቷል ወይስ በሕይወት አለ?»

«በኢየሱስ ስም! ምን ዓይነት አፍ ነው?»

«መልሺልኝ። አለ ወይስ የለም?»

ልጆቹ አፍረው ፊታቸውን አዞሩ። አበራሽ ለቅሶዋን ዋጥ አደረገች።

«አለ» አለች። «ግን አይናገርም። ዶክተሩ…»

«ዶክተሩ ይቆይ። አሁኑኑ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ።»

ትንሽ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የከበደ ትንፋሽ መጣ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ማርቆስ ነኝ።»